«ሚስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ሳያምታቱ ለመጠቀም፦ ከዝግጅት እስከ እርማት

«አይ ሚስ ዩ» ማለት «ናፍቀኸኛል» እንደሆነ የማያውቅ የለም። «አይ ሚስት ዘ ባስ» ማለት «አውቶቡሱ አመለጠኝ» መሆኑንም ብዙ ሰው ያውቃል። ያው ሰው ግን ዐረፍተ ነገሩን ራሱ እንዲሠራ ሲጠየቅ «ዩ ሚስ ሚ» ብሎ ናፍቆቱን ለሌላው ይሰጣል፤ ወይም «ዘ ባስ ሚስት ሚ» ይልና አውቶቡሱ ሊገጨው ሲል ለጥቂት እንደሳተው ያወራል። የሁለቱን ትርጉም አጥቶት አይደለም። አማርኛው የግሱን ባለቤት አንድ ቦታ ያስቀምጣል፣ እንግሊዝኛው ሌላ ቦታ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ መጀመሪያ ባለቤቱ፣ ቀጥሎ ትርጉሙ፣ ከዚያ ጊዜው። የመጀመሪያውን ዘላችሁ ወደ ሦስተኛው ብትሄዱ ስሕተቱ ይደገማል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ከራሳችሁ ንግግር የወጡ አምስት ወይም ስድስት የአማርኛ ዐረፍተ ነገሮች ወረቀት ላይ ጻፉ። «ናፈቀኝ»፣ «አመለጠኝ»፣ «ቀረሁ»፣ «አለፈኝ»፣ «ሳተው» የሚሉት ግሶች ይኑሩባቸው። እንግሊዝኛውን ገና አትጻፉ።

ከዚያ የግሱን አራት መልኮች ጮክ ብላችሁ በሉ፦

- «ሚስ»፦ መነሻው ነው።
- «ሚሲዝ»፦ ለ«እሱ»፣ ለ«እሷ» እና ለነጠላ ነገር። መነሻው በሁለት ኤስ ስለሚያልቅ በጽሑፍ ኤስ ብቻ አይበቃውም፤ ኢ እና ኤስ ይጨመርበታል።
- «ሚስት»፦ ያለፈው ጊዜ። በጽሑፍ መጨረሻው ኢ እና ዲ ነው፣ ሲነገር ግን የሚሰማው ት ነው። «ሚስድ» ወይም «ሚሲድ» አትበሉ። የትዳር ጓደኛዋን «ሚስት» ካላችሁ ድምፁን አግኝታችሁታል፤ አንዴ ከተሳቀበት በኋላ አይረሳም።
- «ሚሲንግ»፦ ይህ የራሱ ወጥመድ አለበት፤ አምስተኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

ከሴት ስም በፊት የሚመጣው «ሚስ» ሌላ ቃል ነው፤ እዚህ ቦታ የለውም።

1ኛ ደረጃ፦ ባለቤቱን ገልብጡ

«እናቴ ናፈቀችኝ» የሚለውን ተመልከቱ። የግሱ ባለቤት እናት ናት። የሚናፍቀው «እኔ» ከግሱ ጅራት ላይ «ኝ» ሆኖ ተለጥፏል። እንግሊዝኛ ይህን አይቀበልም። ስሜቱ ያለበት ሰው ከፊት ይቆማል፣ የተናፈቀው ከኋላ ይመጣል፦ «አይ ሚስ ማይ ማዘር»።

«አውቶቡሱ አመለጠኝ» ላይም ነገሩ ያው ነው። በአማርኛ አድራጊው አውቶቡሱ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን የቀረውን ሰው ከፊት ያስቀምጣል፦ «አይ ሚስት ዘ ባስ»።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1. በጻፋችሁት የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ኝ»፣ «ህ»፣ «ሽ»፣ «ው»፣ «ት»፣ «ን»፣ «ችሁ»፣ «ቸው» ከግሱ ጋር ተጣብቆ እንደሆነ ፈልጉና አክብቡት።
2. ያከበባችሁትን ወደ ሙሉ ተውላጠ ስም መልሱት። «ኝ» እኔ፣ «ህ» አንተ፣ «ው» እሱ እያላችሁ።
3. ያንን ሰው የእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ አስቀምጡት።
4. የአማርኛው ባለቤት የነበረውን ከ«ሚስ» በኋላ አስቀምጡት።

መፈተሻ ከፈለጋችሁ የከተማው ወጣት የሚናገረውን ተጠቀሙ። «ሚስ አድርጌሃለሁ» ይባላል፤ «ክላስ ሚስ አደረግኩ» ይባላል። ቋንቋ ማደባለቅ ነው ብሎ የሚቆጣ አለ፤ ለዚህ ሥራ ግን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። «ሚስ አደረገ» ስትሉ ባለቤቱ በራሱ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛው ቦታ ይዞራል። «ናፍቀኸኛል» ለማለት «ሚስ አድርገኸኛል» ስለማትሉ «ዩ ሚስ ሚ» ማለትም እንደሌለባችሁ ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ግሱ ላይ የተለጠፈ ነገር ከሌለ አትገልብጡ። «ከስብሰባው ቀረሁ» ላይ ባለቤቱ ቀድሞውንም «እኔ» ነው። «ልጁ አገሩን ናፈቀ» ላይም ናፋቂው ልጁ ራሱ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከእንግሊዝኛው ጋር ይገጥማል። «ሳተው» ደግሞ የተለጠፈ ነገር ቢኖርበትም አይገለበጥም፤ የሳተው ባለቤቱ ራሱ ነው። መገልበጥ የተማረ ሰው ሁሉንም መገልበጥ ይጀምራል፤ ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው ስሕተት የባሰ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ የትኛው ትርጉም እንደሆነ ወስኑ

ባለቤቱ ከተስተካከለ በኋላ «ይህ ሰው የጎደለው ነገር ይሰማዋል ወይስ አንድ ነገር ሳይደርስበት ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ።

*ናፍቆት።* ሰው፣ ቦታ፣ ልማድ ወይም ዘመን ከአጠገብ ሲርቅ። ተሳቢው የግድ መኖር አለበት። «አይ ሚስ» ብሎ ማቆም አይቻልም፤ ማንን ወይም ምንን እንደሆነ ይጠየቃል።

*ሳይደርሱበት መቅረት።* አማርኛው ለዚህ ብዙ ግሶችን ያከፋፍላል፣ እንግሊዝኛው አንዱን «ሚስ» ያዝዛል፦

- አውቶቡስ፣ አውሮፕላን፣ ስልክ ወይም ዕድል ሲያመልጥ
- ከትምህርት፣ ከስብሰባ ወይም ከቀጠሮ ሲቀር
- የማስረከቢያ ቀን ሲያልፍ
- ኳስ ወይም ጥይት ዒላማውን ሲስት
- የተነገረ ነገር ሳይሰማ ሲቀር፦ «ሶሪ፣ አይ ሚስት ዛት» ማለት «ይቅርታ፣ አልሰማሁህም» ነው
- ፍሬ ነገሩ ሳይገባ ሲቀር፦ «ዩ ሚስት ዘ ፖይንት»

በዚህ ትርጉም፣ በተለይ ስለ ኳስና ስለ ተኩስ ሲወራ፣ ያለ ተሳቢም ይቆማል። «ሂ ሾት ኤንድ ሚስት» ማለት «ተኮሰና ሳተ» ነው።

«ናፈቀ» ሲባል ሁሉ «ሚስ» ይሆናል ብላችሁ አታስቡ። በአማርኛ ገና ያላገኘነውንም እንናፍቃለን፤ «ልጅ ወልዶ ማቀፍ ናፈቀው» እንላለን። «ሚስ» የሚሠራው ቀድሞ ለነበረና ለታወቀ ነገር ብቻ ነው። ገና ላልመጣው «ሎንግ ፎር» በሉ። ቀጠሮ ተይዞ ለመገናኘት መጓጓትን ደግሞ «አይ ካንት ዌይት ቱ ሲ ዩ» ይገልጸዋል።

3ኛ ደረጃ፦ ጊዜውን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ባለቤቱን ያስተካከሉ ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ጊዜው ሲቀየር ትርጉሙም አብሮ ሊገለበጥ ይችላል።

«አይ ሚስት ዩር ኮል» ማለት ደውለህ ሳላነሳው ቀረ ነው። «አይ ሚስ ዩር ኮልዝ» ማለት ደግሞ ስልክህ፣ ትደውልልኝ የነበረው ናፈቀኝ ነው። አንዲት ት ወጥታ አንዲት ዝ ገባች፣ መልእክቱ ከይቅርታ ወደ ናፍቆት ዞረ። ለአለቃ የሚጻፍ መልእክት ላይ ይህ ቢሳሳት ምን እንደሚመስል ገምቱት።

ለናፍቆት እነዚህን ተከተሉ፦

1. አሁን የሚሰማችሁ ከሆነ ቀላሉን የአሁን ጊዜ ተጠቀሙ፦ «አይ ሚስ ዩ»። አማርኛው «ናፍቀኸኛል» ብሎ የተፈጸመ ስለሚመስል ብዙዎች «አይ ሚስት ዩ» ይላሉ። ያ ናፍቆቱ አልፏል ማለት ነው።
2. ተለያይታችሁ ቆይታችሁ ስትገናኙ «አይቭ ሚስት ዩ» ወይም «አይ ሚስት ዩ» በሉ። ሰውየው ፊታችሁ ስለቆመ ያለፈው ጊዜ ትክክል ነው።
3. ስትሰነባበቱ «አይል ሚስ ዩ» በሉ፤ «ትናፍቀኛለህ» ማለት ነው።
4. «አይም ሚሲንግ ዩ» ስሕተት አይደለም። ለቅርብ ሰው፣ ሰሞኑን ለበረታ ናፍቆት ይባላል። ለመደበኛ ደብዳቤ ግን ተራ ቁጥር አንድ ይሻላል።

ሳይደርሱበት ለቀረ ነገር ያለፈውን ጊዜ ተጠቀሙ። የአሁን ጊዜ የምትጠቀሙት ልማድ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያኔም የልማድ ቃል አስገቡ፦ «አይ ኦልዌይዝ ሚስ ዘ ባስ»፣ ሁልጊዜ ያመልጠኛል። «ኦልዌይዝ» ከወጣ የቀረው «አይ ሚስ ዘ ባስ» በአውቶቡስ መሄድ የናፈቀው ሰው ንግግር ይመስላል።

አሉታዊና ጥያቄ ላይ «ዲድ» ከገባ ግሱ ወደ መነሻው ይመለሳል። «አይ ዲድንት ሚስ ዘ ባስ» በሉ፤ «ዲድንት ሚስት» አይባልም። «ዲድ ዩ ሚስ ሚ?» ብሎ የጠየቃችሁ ሰው «ናፍቄህ ነበር?» እያለ ነው። «የስ፣ አይ ዲድ» ብላችሁ መልሱ። «የስ፣ አይ ሚስት» ካላችሁ ተሳቢው ስለሌለ ዒላማ የሳታችሁ ያስመስላል።

4ኛ ደረጃ፦ ከግሱ በኋላ የሚመጣውን አጽዱ

መጀመሪያ መስተዋድዱን አውጡ። አማርኛው «ከትምህርት ቀረሁ» ስለሚል እጃችሁ «ፍሮም» ሊጨምር ይቸኩላል። «አይ ሚስት ክላስ» ይበቃል። «ሚስ ኦፍ»፣ «ሚስ ፎር»፣ «ሚስ ፍሮም» የሚባል ነገር ለሁለቱም ትርጉሞች የለም። መስተዋድድ የሚጠይቀው «ሚስ አውት ኦን» ነው፤ ጥቅም ወይም ደስታ ያለው ነገር ሲቀርባችሁ ይባላል። እሱ ላይ «ኦን»ን አትተዉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ግስ ከሆነ በ«ኢንግ» ጨርሱት። «አይ ሚስ ወርኪንግ ዊዝ ዩ» ማለት «ካንተ ጋር መሥራት ናፍቆኛል» ነው። «አይ ሚስ ቱ ወርክ» አይባልም። «ሳልነግርህ ቀረሁ» ለማለት ደግሞ «ሚስት ቱ ቴል» ብላችሁ አትሞክሩ። ረስታችሁ ከሆነ «ፈርጎት ቱ ቴል»፣ ማድረግ እያለባችሁ ካላደረጋችሁ «ፌይልድ ቱ ቴል» በሉ።

5ኛ ደረጃ፦ «ኢዝ ሚሲንግ» እና «ኢዝ ሚስት»ን ለዩ

በመሰነባበቻና በሐዘን ደብዳቤ ላይ ከሁሉ የከፋው ስሕተት እዚህ አለ።

- «ሂ ኢዝ ሚስት»፦ ሰዎች ይናፍቁታል።
- «ሂ ኢዝ ሚሲንግ»፦ ጠፍቷል፣ ያለበት አይታወቅም።

ሥራ ለለቀቀ ባልደረባ «ዩል ቢ ሚስት» ይጻፋል፤ «ትናፍቀናለህ» ማለት ነው። ለሟች ቤተሰብ «ሂ ዊል ቢ ዲፕሊ ሚስት» ይባላል። በሁለቱም ቦታ «ሚሲንግ» ብትጽፉ ፖሊስ የሚፈልገው ሰው አድርጋችሁታል።

ነገሩን የሚያወሳስበው «ሚሲንግ» ተሳቢ ሲከተለው ነው። «ሂዝ ማዘር ኢዝ ሚሲንግ» እናቱ ጠፍታለች፤ «ሂ ኢዝ ሚሲንግ ሂዝ ማዘር» እናቱ ናፍቃዋለች። ሰው ከፊት ቆሞ የሚናፈቅ ነገር ከኋላ ከመጣ ናፍቆት ነው፤ ከኋላ ምንም ከሌለ መጥፋት። ከፊት የቆመው ግዑዝ ነገር ከሆነ ደግሞ ጎድሎታል ማለት ነው፦ «ዘ ቡክ ኢዝ ሚሲንግ ኤ ፔጅ»፣ መጽሐፉ አንድ ገጽ ጎድሎታል። መጽሐፍ አይናፍቅም።

«ዋት አም አይ ሚሲንግ?» ከዚህ ሕግ ትንሽ ያፈነግጣል። በውይይት መሀል ከተነሣ «ያልገባኝ ነገር ምንድን ነው?» ማለት ነው።

6ኛ ደረጃ፦ ስትሰሙ ወይም ስታነቡ መለየት

በፈጣን ንግግር ጊዜውን በድምፅ ለመለየት አትታመኑ። «ሚስት ዘ ባስ» ሲባል ት ብዙ ጊዜ ተውጣ «ሚስ ዘ ባስ» ይሰማል። «ሚስት ዩ» ደግሞ «ሚስቹ» ይሆናል። ይልቅ በዙሪያው ያሉትን ቃላት አድምጡ፦

- «ጀስት»፣ «ኦልሞስት»፣ «ኒርሊ»፣ «ናሮውሊ» ከግሱ ፊት ከመጡ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ማምለጥ ነው። «አይ ጀስት ሚስት ኸር» ማለት «አሁን ከመምጣቴ በፊት ወጣች፤ ለጥቂት ተላለፍን» ነው።
- «ሪሊ»፣ «ሶ ማች»፣ «ቴሪብሊ»፣ «ስቲል» ካሉ አብዛኛውን ጊዜ ናፍቆት ነው። «አይ ሪሊ ሚስት ኸር» ስትሉ ያ ሁሉ መተላለፍ ቀርቶ ልብ ገባበት።
- ቁጥር ካለ አብዛኛውን ጊዜ ማምለጥ ወይም መቅረት ነው። ሦስት ክፍለ ጊዜ «ሚስት» የተባለ ተማሪ ከሦስቱ ቀርቷል፤ ናፍቆት አይቆጠርም።

አቅጣጫ የሚያሳያችሁ ሰው «ዩ ካንት ሚስ ኢት» ሲል አትደንግጡ። ክልከላ አይደለም። ቦታው ግልጽ ነው፣ ሳታዩት አታልፉም እያላችሁ ነው። «ዶንት ሚስ ኢት» ግን እውነተኛ ትእዛዝ ነው፦ እንዳያመልጣችሁ።

አንዳንዴ ማምለጡ መልካም ነው። «ሊቭ ኧርሊ ኤንድ ዩል ሚስ ዘ ትራፊክ» ሲባል በጊዜ ከወጣችሁ ከመኪና መጨናነቅ ትተርፋላችሁ ማለት ነው። «ኒር ሚስ» የሚባለውም ለጥቂት ሳይደርስ የቀረ አደጋ ነው።

7ኛ ደረጃ፦ «ሚስ» የማይሆንበትን ቦታ ልቀቁ

- ዕቃ ጠፍቶባችሁ ከሆነ «አይ ሎስት ማይ ፎን» በሉ። «አይ ሚስት ማይ ፎን» ስልኩ የናፈቀው ሰው ነው። በተቃራኒው «አይ ሎስት ዘ ባስ» ያለ ሰው አውቶቡስ የጠፋበት ባለንብረት ይመስላል።
- ፈተና ወድቃችሁ ከሆነ «ፌይልድ ዘ ኤግዛም» ነው። «ሚስት ዘ ኤግዛም» ማለት አልተፈተንኩም ማለት ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ሌላ ዕድል ሊያስገኝ ወይም ሊያስነፍግ ይችላልና ተጠንቀቁ።
- ሆን ብላችሁ ከቀራችሁ «ስኪፕት» በሉ። «ሚስት» ግን ምክንያቱን ሳይናገር መቅረቱን ብቻ ይገልጻል።
- «ትዝ አለኝ» ከሆነ «ሪሜምበርድ» ነው። ትዝ ያለ ሁሉ አይናፍቅም።

አንዴ ተሳስታችሁ ከተናገራችሁ

ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ረዥም ማብራሪያም አትጀምሩ። «ሶሪ፣ አይ ሚን አይ ሚስ ዩ» ብላችሁ ትክክለኛውን በሙሉ ድገሙት። ሰሚው የትኛውን ትርጉም እንደያዘ ከተጠራጠራችሁ «ሚስ»ን ትታችሁ በሌላ ቃል አስረዱት፦ ለስልኩ «አይ ዲድንት ሂር ዘ ፎን»፣ ለስብሰባው «አይ ዋዝንት ዜር»። በጽሑፍ የላካችሁት «ዩ አር ሚሲንግ» ከሆነ ግን አዲስ መልእክት ላኩና አርሙት፤ የሚያነበው ሰው ከቡድኑ ውስጥ እሱ ብቻ እንደጎደለ ወይም የሆነ ቦታ እንደቀረ ሊያስብ ይችላል።

መልመጃ

መልሱን በእጃችሁ ሸፍኑ። በመጀመሪያ የጻፋችኋቸውን የራሳችሁን ዐረፍተ ነገሮችም በዚሁ መንገድ አሳልፏቸው።

1. ወንድሜ ናፍቆኛል። — «አይ ሚስ ማይ ብራዘር»።
2. ወንድሜን ናፍቄዋለሁ፣ እሱ እኔን ማየት ፈልጓል ለማለት። — «ማይ ብራዘር ሚሲዝ ሚ»። በአማርኛ «ናፍቄዋለሁ» ለሁለቱም ወገን ሊነገር ስለሚችል ናፋቂው ማን እንደሆነ ሳትወስኑ አትጀምሩ።
3. ባቡሩ ለጥቂት አመለጠኝ። — «አይ ጀስት ሚስት ዘ ትሬይን»።
4. ሁለት ወንበር ጎድሏል። — «ቱ ቼርዝ አር ሚሲንግ»። ሁለት ስለሆኑ «ኢዝ» አይሆንም።
5. ኳሱ ጭንቅላቴን ሳተኝ። — «ዘ ቦል ሚስት ማይ ሄድ»። እዚህ አትገልብጡ፤ የሳተው ኳሱ ራሱ ነው።
6. ሳላይህ ቀረሁ፣ ተላለፍን። — «አይ ሚስት ሲዪንግ ዩ» ሰዋስዉ ትክክል ነው፣ ግን «አንተን ማየት ናፍቆኝ ነበር» ተብሎም ሊተረጎም ይችላል። «አይ ጀስት ሚስት ዩ» በሉ፤ ወይም «አይ ዲድንት ጌት ቱ ሲ ዩ»።